ከምርጫ ደጅ የተመለሱት ሲንቄዎች

በቀደም፣ በምርጫው ዕለት፣ እዚሁ አሰላ ሰፈራችን ካለው የምርጫ ጣቢያ በር ላይ ከዘራዬን ተቀማሁ። የቀማችኝ የደንብ ልብስ የለበሰች ጥበቃ ናት። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዱላ ይዞ መግባት ተከልክሏል» አለችኝ። እኔም ቱግ አልኩ። «በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልደበድብ ነው? ያለዚህ እንጨት ሦስት እርምጃ አልራመድም!» ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ ከዘራውን ግድግዳ አስደግፋ፣ በክንዴ ይዛ እንደ አባቷ ደግፋ አስገባችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ድሮ እኮ ምርጫ ሥርዓት ነበረው። ሽማግሌ ይከበር ነበር። አይደለም አባባ?» አለ። ይሄኔ ነው የበገንኩት። ድሮ! ድሮን ለእኔ ሊነግረኝ! በዚህ አውራጃ ዱላ ከምርጫ ጣቢያ ደጅ እንዲታገድ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ደጅ ጠንቼ ያስወሰንኩት እኔው ነኝ። ሰው ሊቆጣ ፈልጎ የመቆጣት መብት እንደሌለው ሲያውቅ እንዴት እንደሚያንገበግበው የደረሰበት ያውቀዋል። ድምፄን ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ምሳም አልበላ አለኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ያኔ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አሰላ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ በሚወርድ ጉም ተሸፍና የምትውል፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ከመኪና ጩኸት የሚበዛባት ከተማ ነበረች። በስሙኒ ጋሪ ተሳፍሮ ከላይ ገበያ እስከ ታች መንሸራሸር ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም። እኔ የቴሪሊን ሱሪ አሰፍቼ፣ ጥቁር ኮት ደርቤ፣ በዚያ ብርድ አንገቴን በክራባት አንቄ የምሄድ ወጣት ጠበቃ ነበርኩ። ቢሮዬ ከአንድ ቡና ቤት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። በስተቀኝ ጎሚስታው ጎማ ይቀጠቅጣል፣ በስተግራ ቡና ቤቱ ሸክላ ያጫውታል። አስተናጋጇ አንዱን ዘፈን ከወደደች ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ታስደጋግመዋለች፤ እኔም ክሱንም መልሱንም በዚያው ዘፈን ምት ስተይብ እውላለሁ። ካርቦን ወረቀት የምገዛው ከስልጤው ከሸምሱ ሱቅ ነበር፤ እጄም ሸሚዜም ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። ሳልፍ ቀና ብዬ አላየውም።

አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ አገር የሰፈሩ ናቸው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል አፌን የፈታሁበት ነው። ስለዚህ አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ እኩራራ ነበር። ይህን ኩራቴን ልብ በሉልኝ፣ ጉዴ የሚመጣው ከእሱ ነው። የዚያን ዓመት የፓርላማ ምርጫ ሲደርስ አማን ኡርጌሳ የሚባል ጓደኛዬ ቢሮዬ ገብቶ፣ «ታዴ፣ ልወዳደር ነው። ነገረ ፈጅ ሁነኝ» አለኝ። አማን ድሬሰር ነበር። የመርፌ ሣጥኑን በፈረስ ጭኖ ከሁሩታ እስከ ጭላሎ ግርጌ የማይደርስበት ጎጆ አልነበረም፤ ስንቱን ሕፃን በእጁ አትርፏል። የሚወዳደረው ለሹመት ብሎ አይደለም። ፈረንጆቹ ባመጡት አዲስ ዘርና ማዳበሪያ ስንዴው ሲያምር ጊዜ ባለመሬቶቹ ትራክተር ገዙ፤ ትራክተር የገዛ ደግሞ ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? አባት አያቱ ካረሱት መሬት እየተነቀለ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደ ባሌ የሚሄደውን ሰው ከቢሮዬ መስኮት እናየው ነበር። አማን ይህን ፓርላማ ገብቶ ሊናገር ነው የፈለገው። በዚያ ወገን የሚወዳደረው አንድ ፊታውራሪ ነበር፤ ትራክተሩም የእሱ፣ መሬቱም የእሱ፣ የተነቀሉትም ሰዎች የእሱ ጭሰኞች።

ተወዳዳሪ ሁሉ ጠበቃ አይይዝም ነበር። ፊታውራሪው ግን አቶ ወንድይራድ የሚባል፣ ፂሙን አበጥሮ ሽቶ የሚቀባ ነገረ ፈጅ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ የከተማችን ደህና ሆቴል ውስጥ አስቀመጠ። እኔ ለአማን፣ ርስት የሌለው መወዳደር አይችልምና፣ የርስቱን ማስረጃ አሟላሁ፣ ደጋፊዎቹን አስፈረምኩ፣ የመወዳደሪያ ምልክቱን ፋኖስ አስመዘገብኩ። ሴቶችም የመምረጥ መብት አላቸውና በየመንደሩ እየዞርኩ እንዲመዘገቡ የወተወትኩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሰማችኝ የአማን አክስት አዴ ፈጡማ ናት፤ አዴ ማለት እንደ እትዬ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዶቃዋን በአንገቷ የደረደረች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴትዮ። «ትራክተሩ ወንዱን ብቻ ነው እንዴ የሚነቅለው? ጎጆው የኛ አይደለም?» አለችና የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ አስመዘገበቻቸው። ያኔ በደስታ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር። እነዚህ ሴቶች ከመረጡ አማን ያልፋል፣ ሂሳቡ ግልጽ ነበር። ወንድይራድም ያውቀዋል።

የፈራሁት ዱላን ነው። ቀደም ባለው ምርጫ የፊታውራሪው አሽከሮች ሽመላቸውን ተደግፈው ምርጫው ቦታ በር ላይ ተደርድረው ቆመው፣ የሚገባውን ጭሰኛ ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ነው የዋሉት። አልመቱም፤ መምታትም አላስፈለጋቸውም። ፖሊስ ሲጠይቃቸው አንዱ «የከብት መንጃ ነው»፣ ሌላው «ወገቤን ያመኛል፣ መደገፊያ ነው»፣ ሦስተኛው «የድንኳን እንጨት ነው፣ ሠርግ ቤት ላደርስ» ብለው ተሳለቁበት። እኔ ይህን ቀዳዳ ልደፍን ቆርጬ ተነሣሁ። ለምርጫው ሹም ባቀረብኩት ማመልከቻ ላይ ማንም ሰው ዱላ፣ ሽመል፣ በትር ወይም ማናቸውንም ዓይነት እንጨት፣ ስሙና አገልግሎቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይዞ ወደ ምርጫው ቦታ እንዳይቀርብ ብዬ ጻፍኩ። «ስሙና አገልግሎቱ ምንም ይሁን ምን» የምትለዋን ከተየብኩ በኋላ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ለብቻዬ ሣቅሁ። ለአማን ሳነብለት፣ «አይበዛም?» አለኝ። «ሕግ ክፍተት ካገኘ ሌባ ያስገባል» አልኩት፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ። እሱም ፈረመ። በሦስተኛው ቀን ሹሙ ቃል በቃል ተቀብሎት ትዕዛዝ ሆኖ ወጣ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

የምርጫው ዕለት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር፤ ካፊያ አለ። ከሁሩታ ወዲያ ባለች አንዲት የገበያ መንደር፣ ምርጫው የሚካሄድበት የቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ በጠዋት ተገኘሁ። የፊታውራሪው አሽከሮች ባዶ እጃቸውን፣ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ሽመል የሌለው አሽከር ምን ያስፈራል? ጭሰኞቹ እየተሳሳቁ ገቡ። ወንድይራድ ጃንጥላውን እንኳ ለፖሊስ አስረክቦ በካፊያው ይረጥባል። እንዲህ ያለ ጠዋት በሕይወቴ አላየሁም፤ ደረቴ ተነፍቶ ኮቴ ጠበበኝ። ረፋድ ላይ ከወደ ዳገቱ ዘፈን ሰማን። ሴቶቹ መጡ። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ዶቃና አምባራቸውን አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው በዝግታ ይወርዳሉ፤ ከፊት አዴ ፈጡማ። የሁሉም እጅ ላይ ሲንቄ አለ።

ሲንቄ ማለት የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ በእጇ የምታስይዛት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። አይመቱበትም፣ አይደገፉበትም። የሚስትነቷ፣ የእናትነቷ ክብር ነው። ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከቆሙበት ጦር የተማዘዘ ወንድ እንኳ ያቆማል፤ ሴት ከተበደለችም ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘው የበደለኛው ደጅ ይቀመጣሉ፣ ይቅርታ እስኪለምን አይነሡም። ታላቅ ጉዳይ ካለ፣ የምርቃትም ይሁን የሙግት፣ ያለ ሲንቄ አይወጡም። ይህን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያደግሁት ነገር! አማንስ፣ የእናቱ ሲንቄ የተሰቀለበት ቤት ተወልዶ የለም? ግን እኔም ወንድ፣ እሱም ወንድ። ሁለታችን ያን ወረቀት ስንጽፍ ዱላ ስንል የወንድ እጅ ብቻ ነው የታየን።

በሩን የሚያስጠብቀው የፖሊስ መቶ አለቃ ሴቶቹን አቆማቸው። ደግ ሰው ነበር፣ ግራ ገብቶታል። ወንድይራድ ግን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ የትዕዛዙን ወረቀት በጣቱ እያመለከተ አሳየው። እኔ ሮጬ ደረስኩ።

«መቶ አለቃ፣ ይህ ዱላ አይደለም። የክብር ምልክት ነው። ማንንም አያስፈራም» አልኩ።

«እንጨት ነው አይደለም፣ ጌታዬ?»

«እንጨትስ እንጨት ነው። ግን አገልግሎቱ...»

«አገልግሎቱ ምንም ይሁን ምን ይላል እኮ። እርስዎ ያስወጡት ትዕዛዝ አይደለም እንዴ?» አለኝ፣ ሊያሳፍረኝ ሳይሆን በእውነት ሊጠይቀኝ።

ወንድይራድ ሲጋራውን ለኮሰ። አሁንም ድረስ ያ ሲጋራ ያቃጥለኛል።

ወደ አዴ ፈጡማ ዞርኩ። «አዴ፣ ሲንቄውን እዚህ ዛፍ ሥር አስቀምጡት። እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቃለሁ። መርጣችሁ ስትወጡ ትወስዱታላችሁ» አልኳት።

«ሲንቄን ኡሌ ሚቲ፣ ኢልማ ኮ» አለችኝ። ሲንቄ ዱላ አይደለም፣ ልጄ።

«አውቃለሁ፣ አዴ። ለትንሽ ደቂቃ ነው።»

«እናቴ በእጄ ስታስይዘኝ፣ ክብርሽን ከሚያስጥልሽ ደጅ አትግቢ ብላ ነው ያስያዘችኝ። ይህን ጥዬ ገብቼ የምመርጠው ሰው የኔን ነገር ምን ብሎ ይናገራል?» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። «ይህን የከለከለው ማን ነው?»

ይህን ነው ለሃምሳ ዓመት ያልዋጥኩት። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን አፌን ዘግቼ በአገጬ ወደ ወንድይራድ አመለከትኩ። አዴ ፈጡማ ዞራ አየችው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ። ሴቶቹ እንደ አመጣጣቸው ሁለት ሁለት ሆነው፣ በካፊያው ወደ ዳገቱ ተመለሱ። አንዷ እንኳ ሲንቄዋን አላስቀመጠችም። ማታ ድምፅ ሲቆጠር ፊታውራሪው በትንሽ አለፈ፤ የሴቶቹ ድምፅ ቢኖር ኖሮ አማን በሰፊው ያልፍ ነበር።

በማግስቱ ሴቶቹ አሰላ መጡ። እዚያ ሁሉ መንገድ በእግራቸው! ወንድይራድ ያረፈበት ሆቴል ደጅ ላይ ሲንቄያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሆቴሉ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ነው፤ ከመጋረጃዬ ኋላ ቆሜ አያለሁ። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን አቆሙ፣ ጎሚስታው መዶሻውን አስቀመጠ፣ ቡና ቤቱም ሸክላውን አጠፋ። ከተማው ፀጥ አለ። ወንድይራድ ያን ቀን አልወጣም። በሁለተኛው ቀን የአገር ሽማግሌ አስጠርቶ ደንቡን ጠየቀ። ከዚያ ያ ሽቶ የሚቀባ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ፣ እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ወጣና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ለመነ። ላልጻፈው ወረቀት! ሴቶቹም መከሩና ተነሡ፤ ይቅር አሉት፣ መረቁት። እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል አየሁት። መሮጥ፣ መውጣት፣ «ኧረ እኔ ነኝ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። እግሬ ግን ከመጋረጃው ኋላ አልተነቃነቀም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

ማታውን ወንድይራድ ቡና ቤቱ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ወንድሜ ታደሰ» አለኝ፣ «ድምፁን የሰጠኝ ያንተ ማመልከቻ፣ ምርቃቱን የሰጠኝ ያንተ ዝምታ። ምን ልጋብዝህ?» ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ልደፋበት እጄን ዘረጋሁ፣ ግን መልሼ ሰበሰብኩት። በምን አፌ? ተንኮሉ ከተንኮሌ አይበልጥም፤ እሱ ሌላው ቢቀር ይቅርታ ጠይቋል።

መቃወሚያ ጽፌ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። ስድስት ገጽ ሙሉ፣ ሕገ መንግሥቱን፣ የምርጫውን ሕግ፣ የሴቶችን መብት ደረደርኩ። መልሱ አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ ትዕዛዙ የወጣው በአመልካቹ በራሱ ጠበቃ ጥያቄ ስለሆነ መቃወሚያው ተቀባይነት የለውም። ወረቀቱን ለአማን ሳሳየው የመርፌ ሣጥኑን ፈረሱ ላይ እየጫነ ነበር። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዴ» አለኝ፣ «መርፌ ከመውጋቴ በፊት፣ ይህ መድኃኒት ይስማማሻል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ወረቀት ስንጽፍ ግን አንተም አልጠየቅህ፣ እኔም አልጠየቅሁ።» ፈረሱን ሳበና ሄደ። ለሚቀጥለው መኸር የፊታውራሪው ትራክተር የአዴ ፈጡማን መንደር ግማሹን አረሰው፤ ጎጆ የነበረበት ቦታ ስንዴ ሆነ፣ ያማረ ስንዴ። ፓርላማውም ብዙ አልቆየም፤ ያ ሁሉ የታገልንበት ወንበር ከነባለቤቱ ተጠርጎ ሄደ። ዛሬ በየሬዲዮው እየቀረቡ የዚያን ዘመን ምርጫ ሥርዓት የሚያወድሱ ሰዎች ስሰማ ሬዲዮኑን አንሥቼ ልወረውረው ይቃጣኛል። ሥርዓትማ ነበረው! በትክክል የተጻፈ፣ ቴምብር የተለጠፈበት፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው የተቀመጠ። ሴት ከደጅ የምትመለሰው በሥርዓት ነበር።

መሬት ላራሹ ከሆነም በኋላ፣ ብዙ ክረምት አልፎ፣ አማንም አፈር ከለበሰ በኋላ ነው ወደ አዴ ፈጡማ የሄድኩት። ለምን ይህን ያህል እንደቆየሁ አትጠይቁኝ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ከእርሻው ዳር እርጥብ ሣር ነቅዬ ይዤ ገባሁ። ዓይኗ ደክሟል፣ ከደጇ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ማን ነህ?» አለችኝ።

«ታደሰ ነኝ፣ የአማን ጠበቃ። አዴ፣ ያን ጊዜ ሲንቄያችሁን የከለከለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «ከዚያ ሰውዬ ደጅ በተመለስን ሳምንት አማን ነግሮናል።»

ሣሩን እንደያዝኩ ጠየቅኋት። «ታዲያ ለምን ወደኔ ደጅ አልመጣችሁም?»

«ልንመጣ ተነሥተን ነበር። አማን ለመነን። የራሴ ሰው ነው፣ እሱ ራሱ ይመጣል አለን። እኛም ጠበቅንህ።»

«ይኸው መጣሁ፣ አዴ። ይቅር በይኝ።»

 ሳትቆጣ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነገረችኝ። «እኔ ብቻዬን ምን ብዬ ይቅር ልበልህ፣ ኢልማ ኮ? የሲንቄ ነገር የአንድ ሴት አይደለም። ያን ቀን የተመለሱት ሁሉ ተቀምጠው፣ መክረው ነው ይቅር የሚሉት። አሁን እነሱን ከየት ላምጣልህ?» ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች ጠራቻቸው። ሩቂያ፣ ትራክተሩ ሲመጣ ባሌ ተሰዳ እዚያው ቀረች። ጫልቱ፣ በዚያው ዓመት በወሊድ ሞተች። ዲንቂቱ፣ ልጆቿን ይዛ አቦምሳ ወረደች፣ ወሬዋ ጠፋ። መርየማ። ከዲጃ። ሸጊቱ። እየጠራች፣ የት እንደቀሩ እየነገረችኝ፣ ፀሐይዋ ከደጇ ሸሸች። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ አዳመጥኩ። የአንዷንም ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ስለ እነሱ በጻፍኩት ስድስት ገጽ ውስጥ «ሴት መራጮች» ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኳቸው።